አንቺ ልጅ ነሽ፣ እኔ እንጀራ እናት

ሰበታ የገባሁት ሙሽራ ሆኜ ነው። ሙሽራ ስል ቬሎና አበባ የተለጠፈበት መኪና እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በአይሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ እግሬ ስር ሳፋና ባልዲ ተደራርቦ፣ ጭኔ ላይ ቴሌቪዥን ታቅፌ ነው የገባሁት። በመካከላችን የእሱ ልጅ ተቀምጣለች። እናቷ የሞተችው እሷ ገና በወጉ መናገር ስትጀምር ነው፤ እኔ ስመጣ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። ከአየር ጤና እስከ ሰበታ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም። ዓይኗን አስፋልቱ ላይ ተክላ፣ መኪናውን የምትነዳው እሷ ትመስል ነበር።

አልደነገጥኩም። እኔ ልጅ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ያደግሁት ልደታ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ተጋፍቶ በሚኖርበት ሰፈር ነው። በሱዚ፣ በሰኞ ማክሰኞ፣ በተለይ ደግሞ በቅልብልቦሽ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ካደግሁ በኋላም የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ፀጉር ቤት ነው፤ ሹሩባ ስትሠራ የምታለቅስ ሕፃን ከመጣች «ለእሷ ስጧት» የሚባለው ለእኔ ነበር። ስለዚህ ይህችን ልጅ ብዙም ሳልቆይ የራሴ እንደማደርጋት እርግጠኛ ነበርኩ።

ከመርካቶ ዓይኗን የምትጨፍን የምትገልጥ አሻንጉሊት ገዛሁላት። ልጅቷ ተቀበለችኝ፣ «አመሰግናለሁ» አለች፣ ከነፕላስቲኳ ወስዳ አልጋ ስር አስቀመጠቻት። ብስኩት ገዛሁ፤ ግማሹን በልታ ግማሹን ለአባቷ አስቀመጠች። ፀጉሯን ልሠራላት ስል እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ የሚሠሩላት የአከራያችን ሚስት ነበሩ። ከሁሉ የገረመኝ ግን አነጋገሯ ነው። «አንቺ» ላለማለት የማታደርገው ነገር አልነበረም። «ውሃ አለ እንዴ?» ትላለች ፊቷን ወደ ጆጉ አዙራ። «እርሳስ አልቋል» ትላለች ለግድግዳው። ቤት ውስጥ አብረን እየኖርን እኔ ለእሷ ስም ብቻ ሳይሆን ተውላጠ ስም እንኳ አልነበረኝም።

ምክንያቱን የሰማሁት በአጥር ነው። ልብስ ሳሰጣ የጎረቤት ልጅ በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል «ትመታሻለች?» ብላ ጠየቀቻት።

«እስካሁን አልመታችኝም» አለች የኛዋ።

«እስካሁን» ያለችው ነገር ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እንጀራ እናት የሚለው ቃል ከእኔ ቀድሞ ነበር ቤቱ የገባው። ልጆች እርስ በርሳቸው የሚያወሩትን ሁሉ፣ የምታስርበውን፣ የምትቆነጥጠውን፣ አባት ሲመጣ ፊቷን የምትለውጠውን ሴት፣ ልጅቷ ከእኔ በፊት አውቃታለች። እኔ የምሠራው ጥሩ ነገር ሁሉ ደግሞ ያችኛዋ ሴት ለማስመሰል የምትሠራው ነበር።

የተከራየነው ሁለት ክፍል ግቢው ውስጥ ከጓሮ በኩል ነው። የግቢውን ባለቤት፣ ሽማግሌውን፣ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት፤ ሚስታቸውን አዴ፣ ወይዘሮ እንላቸዋለን። ኦቦ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተኒ?» ብለው ሰላም ይሉናል፣ እኔም የለመድኩትን ያህል እመልሳለሁ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከማሳቸው ሲመለሱ ጫማቸውን በር ላይ ሳያራግፉ የማይገቡ ሰው ናቸው። ማሳ የምለው የቀረውን ነው። አንዱ ክፍል ፋብሪካ፣ አንዱ መንገድ፣ አንዱ የአበባ እርሻ ሆኖ፣ የቀረቻቸው ከከተማው ወጣ ብላ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጤፍ መሬት ነበረች።

በዚያን ሰሞን ሰበታ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም፤ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ብቻ። ታክሲ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ የማያውቀው ሰው ከገባ ስለ ዳቦ ያወራል። ኦቦ «ማስተር ፒላኒ» ይሉታል፤ ሲሉትም እንደ ሰው ስም ነው፣ ቤታቸው ሊመጣ ቀጠሮ ያለው ሰው። ባለቤቴ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ጅማ በሄደ ማግስት መንገዱ ተዘጋ። ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ሱቆች በራቸውን ዘጉ። ታክሲ የለም፤ ስለዚህ ሥራ የለም። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ወደየቤታቸው ላከ። ባለቤቴ ደወለና «ወሊሶ ቆሜያለሁ፤ መኪናውን ጥዬ መምጣት አልችልም» አለኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እንዲህ ሆኖ ነው እኔና ልጅቷ ሁለታችን ብቻ የቀረነው።

በመጀመሪያው ቀን ቁርስ እየበላን ከዋናው መንገድ በኩል ተኩስ ተሰማ። ጣጣ ጣጣ ብሎ ዝም አለ፣ ደግሞ ቀጠለ። እኔ ቶሎ ብዬ ፈገግ አልኩና «ርችት ነው መሰለኝ፣ ሰርግ ይኖራል» አልኩ።

ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኔን በደንብ ያየችኝ ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። «ጥይት ነው» አለች። ከዚያም ዳቦዋን ሻይዋ ውስጥ ነክራ መብላቷን ቀጠለች።

ፊቴን ምን ላድርገው? የፋብሪካ ሠራተኞችና ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡ አይታለች፣ ሲሮጡም አይታለች፤ እኔ ከተማ ውዬ ስመጣ እሷ እዚህ ነበረች። የማታውቀው እኔ ነበርኩ። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ለዚህች ልጅ ያልሆነውን ነገር ሆነ ብዬ ላልነግራት ወሰንኩ። ብስኩቱም አሻንጉሊቱም ያልሠራው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉም ውስጥ ትንሽ ማስመሰል ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ሥራ መፍታት ናላዬን አዞረው። ቤቱን ጠርጌ፣ ልብስ አጥቤ፣ የሚቀር ነገር የለም። ግቢው ውስጥ ለግንባታ የመጣ ጠጠር ተቆልሎ ነበር። ከዚያ ላይ ለስላሳ ለስላሳዎቹን መረጥኩ፣ ደጃፋችን ላይ ፀሐይ ውስጥ ቁጭ አልኩ፣ ብቻዬን ቅልብልቦሽ ጀመርኩ። ልጅቷን ልሳብ ብዬ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴ ነው። አንዱን ወደ ላይ ትወረውሪያለሽ፣ እሱ እስኪወርድ ከመሬት ታነሻለሽ፣ ትቀልቢያለሽ። እጄ ረስቶት ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ቀስ እያለ እጄ አስታወሰ። ያደግሁበት ግቢ፣ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ፣ ጥፍሬ ስር የሚገባው አቧራ ሁሉ መጣ። ልጅቷ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ መቆሟን አውቄያለሁ፤ ግን ዞር አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስቱን በአንዴ ላነሳ ስል ጣቴ አራተኛውን ነካው። ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠልኩ።

«ነካሽው!»

ድምፁ ከኋላዬ እንደ ዳኛ ፊሽካ ነው የወጣው። «ነካሽው! አይቼሻለሁ! ተቃጥለሻል!»

«ነካሽው»፣ «አይቼሻለሁ»፣ «ተቃጥለሻል»። እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ያልሰጠችኝን «አንቺ» በአንድ ትንፋሽ አዘነበችው። እኔ ግን የገባኝ ነገር እንዳለ ፊቴ ላይ አላሳየሁም። ጠጠሮቹን ወደ እሷ ገፋሁና «እሺ፣ ተራሽ ነው» አልኩ።

ተቀመጠች። አትችልም ነበር። ጠጠሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የምትወረውረው። ስታጣ እኔም አውቄ አጣሁ። ወዲያው ጠጠሮቹን ጣል አድርጋ ተነሳች።

«ሆን ብለሽ ነው። እንደዚህ ከሆነ አልጫወትም።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። «በእውነት ከተጫወትኩ ግን አሸንፍሻለሁ፤ ብዙ ዓመት ተጫውቼዋለሁ። እኔ በግራ እጄ ብጫወትስ?»

አሰበችበት። «በግራ እጅሽ፣ ግን ከልብሽ።»

ስምምነታችን ይህ ሆነ፤ በግራ እጄ፣ ከልቤ። ዛሬም ድረስ ከልጅ ጋር ስለመጫወት ሰው ቢጠይቀኝ ከዚያ የተሻለ መልስ የለኝም። ሆነ ብለህ ስትሸነፍለት ልጅ ያውቃል፤ ንቀት ነው የሚመስለው። ጉልበትህን ሁሉ ካወጣህበት ደግሞ ጨዋታው ያልቃል። በምን እንደምታንስለት በግልጽ ተስማማና ከዚያ በኋላ የምርህን ተጫወት። እስከ ማታ በግራ እጄም አሸነፍኳት፣ እሷም ተናደደች፣ ደግማ ተቀመጠች፣ አንድ ጊዜ በትክክል ስታሸንፈኝ ግቢውን በሙሉ ሮጣ ዞረችው።

አዴ ከቤታቸው ደጃፍ ያዩናል። «አንቺ ሴት፣ ትልቅ ሰው አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ ሳቃቸውን ይዘው።

«ሥራ የለም እኮ አዴ» አልኩ።

«እሱስ አዎ» አሉና ጤፍ የሚለቅሙበትን ሰፌድ ይዘው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቶ በቆየባቸው ቀናት ጠዋት ተነስተን ቤት እናስተካክላለን፣ ከዚያ ጨዋታ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስባ፣ የቅጠል ሰሃን አዘጋጅታ፣ ከግድግዳው ጥግ ዕቃ ዕቃ ዘረጋች። ጠራችኝ። ማን እንደሆንኩ ስጠይቃት ዝግጁ መልስ ነበራት።

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ እኔ እንጀራ እናት።»

ቃሉን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «እሺ» አልኩ። «አሁን ምን ላድርግ?»

«ዕቃ እጠቢ። ዝም ብለሽ እጠቢ።»

ቆርኪዎቹን አጠብኩ። አገላብጣ አየቻቸውና «አልጠራም፣ ድገሚ» አለች። ደገምኩ። «ራበኝ» አልኳት። «ለሌባ ምግብ የለም» አለች። ምን እንደሰረቅሁ ጠየቅኋት። «ስኳር» አለች ሳታመነታ። እኔ ቤቱ ውስጥ ስለ ስኳር አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ይህች ሴት ግን ስኳሯን ቆልፋ የምትይዝ ሴት ነበረች። ድምፅዋም ቀጭን፣ አፍንጫዋን የነፋች፣ ወገቧን የያዘች። አጫወቷን ብትመለከቱ ትስቁ ነበር። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

«አባትሽ ሲመጣ ብትነግሪው ወየውልሽ» አለች።

«አባቴ መቼ ነው የሚመጣው?»

እጇ ቆመ። ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቶ በራሷ ድምፅ ተናገረች። «አይመጣም። መንገዱ ተዘግቷል። መኪናውም ተቃጥሏል።» ከዚያ ወገቧን መልሳ ያዘችና «አንቺን ደግሞ ለሰው እሰጥሻለሁ፤ ልብስሽን ሰብስቢ» አለች።

ልቅፋት ፈለግሁ። በእናቴ፣ በእግዚአብሔር ልምልላት ፈለግሁ። ግን ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ እንጀራ እናቲቱ ናት ለልጇ የነገረችው። እኔ ከጨዋታው ብወጣ ልጅቷም መውጣቷ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ነው የምታዋራው። ስለዚህ ልጅ ሆኜ ቀረሁ። ጥቂት ቅጠሎች በእጄ ሰበሰብኩ፣ ልብሴ ናቸው ብዬ።

«እሺ እሄዳለሁ» አልኩ። «ግን የት እንደምሄድ አላውቅም። ትንሽ እዚህ በር ላይ ልቀመጥ?»

ቆርኪዎቹን መደርደር ጀመረች።

«ይበርደኛል» አልኩ። «ዝናብም እየመጣ ነው።»

ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። የታኅሣሥ ሰማይ ነው፣ አንድ ዳመና የለበትም። እንጀራ እናቲቱ እያሰበች ነበር።

«እሺ ግቢ» አለች በመጨረሻ። «ግን ጥግ ላይ ነው የምትቀመጪው።» ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ በቅጠል ላይ አሸዋ አቀረበችልኝ። «ሽሮ ነው። ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ምሳ ሰዓት እውነተኛውን ሽሮ ሳወጣ፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጌ፣ የማውቀውንና የማላውቀውን ለይቼ ነገርኳት። «አባትሽን መጨረሻ በስልክ ያገኘሁት ወሊሶ እያለ ነው። መኪናው ያን ጊዜ ደህና ነበር። አሁን ስልክ ስለማይሠራ አላውቅም። እኔ ግን የትም አልሄድም፤ አንቺንም ለማንም አልሰጥም።»

«ለጨዋታ ነው እኮ ያልኩት» አለች።

«አውቃለሁ። እኔም ለወሬ ያህል ነው።»

እንጀራዋን ቆረሰችና ትንሽ ወደ እኔ ተጠጋች። ትንሽ ብቻ።

ያንን ጨዋታ ደጋግመን ተጫወትነው። እሷ ናት የምትጠራኝ፣ እሷ ናት የምትመራው። በየቀኑ ሴትየዋ ትንሽ ትለወጥ ነበር። አንድ ቀን ታመመችና እኔ ልጅቷ ውሃ አቀረብኩላት። አንድ ቀን ደግሞ ከሥራ ዘግይታ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ አንድም ቀን «እንጀራ እናት ሁሉ ክፉ አይደለችም» ብዬ አልሰበክሁም። የሚያስፈልግ አልነበረም፤ ሴትየዋን ራሷ እየሠራቻት ነበር።

ዕቃ ዕቃው ሲሰለቻት ፀጉር ቤት ከፈተች። ደንበኛዋ እኔ ነኝ። በሥራዬ የሌላውን ሰው ፀጉር ስይዝ ነው የኖርኩት፤ የራሴን ለማንም የማልሰጥ ሰው ነኝ። ሰጠኋት። ውሃ አፈሰሰችብኝ፣ ጎተተችኝ፣ በማበጠሪያ ከነቆዳው ሊነቅል የደረሰ ቋጠሮ ሠራችልኝ። ስትጎትተኝ «ወይኔ!» ስል «ቻይው፣ ለቁንጅና ነው» ትለኛለች፣ እኔው ለደንበኞቼ የምለውን ከየት እንደሰማችው እንጃ። አዴ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። ያንኑ ቋጠሮ ይዤ ውሃ ቀዳሁ፣ ሰፈር ውስጥም ታየሁ። በማግስቱ በርጩማዋን አምጥታ እግሬ መሃል ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

«ዛሬ ሠራተኛዋ አንቺ ነሽ» አለች። «ቀስ አድርገሽ ግን።»

ቀስ አድርጌ ሠራኋት። ፀጉሯ ከጆሮዋ ኋላ ልስልስ ያለ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

ውጪው ግን ጨዋታ አልነበረም። አንድ ቀን ከእኛ በላይ ባለው ሰፈር አንድ ወጣት ተመታ ተባለ፣ ቆይቶ ሞተ ተባለ። ኦቦ ጋቢያቸውን ለብሰው ለቅሶ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ከቀብር የሚመለሱ ወጣቶች ከወታደሮች ጋር ተጋጠሙ፤ ሩጫው ወደ ሰፈራችን ገባ። ከአጥሩ ውጪ የጫማ ኮቴ፣ ጩኸት፣ ከዚያ ድፍን ያለ ድምፅ። ግቢው ነጭ ጭስ ገባበት። ልጅቷን ጎትቼ፣ አዴን ጠርቼ፣ ከመንገዱ ራቅ ያለው የእኛ ክፍል ስለሆነ ሦስታችንም እዚያ ገብተን በሩን ዘጋን። ነጠላዬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀደድኩትና ፊታችን ላይ አደረግን።

«ምንድን ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

«አስለቃሽ ጭስ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስለናል። አትሺው። ያልፋል።»

አዴ በኦሮምኛ ይጸልያሉ። ባላቸው ውጪ ናቸው። ውጪ ደግሞ ተኩስ ጀመረ። እኔ እስከዚያ ሰዓት ደህና ነበርኩ፤ ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላቆመው ብልም እምቢ አለኝ። ልጅቷ አየችው። እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ጠጠሮቿን አወጣች፣ ሁለት እጇን ጀርባዋ ላይ ደብቃ አመጣችና ጨብጣ ዘረጋችልኝ።

«የቱ ውስጥ ነው?» አለች በእርጥብ ጨርቁ ውስጥ።

ግራውን ነካሁ። ባዶ ነው።

«አልቻልሽም። አንቺ ደብቂ።»

እጄ እየተንቀጠቀጠ ደበቅሁ፣ እሷ አገኘች። «ይንቀጠቀጣል፣ ለዛ ነው ያወቅኩት» አለች። «አጥብቀሽ ያዢ።» አጥብቄ ያዝኩ። አዴም እጃቸውን እንዲዘረጉ ጠየቀቻቸው፤ ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ ዘረጉ። እንዲሁ ስንደብቅና ስንፈልግ ውጪው ጸጥ አለ። ልጅቷ ያልሆነ ነገር አልነገረችኝም፤ ተኩሱ ተኩስ አይደለም አላለችኝም። እጄን የሚያስይዘኝ ነገር ብቻ ሰጠችኝ። እስከዚያ ቀን የምጫወትላት እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ የዚያን ቀን እሷ ተጫወተችልኝ።

ኦቦ ምሽቱ ሳይደርስ መጡ። አቧራ ለብሰዋል፣ ግን ደህና ናቸው። በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ሲያራግፉ ሳይ አለቀስኩ፣ አዴ ደግሞ ተቆጧቸው።

በማግስቱ ልጅቷ ግቢው መሃል ድንጋይ ደረደረች። ከበሩ እስከ ቧንቧው መንገድ ሠርታ፣ መሃሉን ዘግታዋለች። ወዲህኛው ዳር የሰርዲን ቆርቆሮ በገመድ ታስሮ ቆሟል፤ የአባቷ መኪና መሆኑን ማንም አያጣውም። ላፈርሰው እጄን ሳነሳ ራሴን ገታሁ። ያየችውን ነው የምትጫወተው። ይልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ባልዲ ይዘው ወደ ቧንቧው ሊሄዱ ብለው ድንጋዮቹ ጋ ደረሱ። በአንድ እርምጃ ሊሻገሩት ይችሉ ነበር። ቆሙ።

«ማነው መንገዱን የዘጋው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ ተነስታ።

«እና ምን ይሻላል? ልለፍ?»

«ምን ይዘዋል?»

ኦቦ ባዶ ባልዲያቸውን አዩና «ጤፍ» አሉ በቁም ነገር። «አሁን ያጨድኩት።»

«የት ነው የሚወስዱት?»

«ቤቴ።»

ዞር ብላ እኔን አየች፣ እኔም ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁ፤ መንገዱ የእሷ ነው። «መሬቱ የእርስዎ ነው?» አለቻቸው።

ኦቦ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «የእኔ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ይለፉ» አለችና ድንጋዮቹን በሁለት እጇ አንስታ ከፈተችላቸው።

አለፉ። ከቧንቧው ሲመለሱ አጠገቤ ቆም አሉ። «ሰማሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ስንቱ መጥቶ መሬቴን ሲለካ፣ መንገድ ሲያወጣበት፣ መሬቱ የማነው ብሎ የጠየቀኝ ይቺ የመጀመሪያዋ ናት።» ሳቅ ብለው ነው ያሉት፤ ግን ባልዲው እጃቸው ላይ ተረስቶ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት። አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጅቷም በኦሮምኛ መለሰችላቸው፤ ቋንቋውን ከእኔ ይልቅ በደንብ ትችለዋለች።

ባለቤቴ የመጣው መንገዱ በከፊል ሲከፈት ነው። መኪናውን ተፍኪ ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከፊሉን በጋሪ ከፊሉን በእግሩ። ጢሙ አድጎ፣ ከንፈሩ ደርቆ በሩን ሲገፋ እኔና ልጅቷ ሰኞ ማክሰኞ ላይ ነበርን፤ እኔ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ጮኻ ሄዳ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለች። እሱ በትከሻዋ ላይ እኔን ያያል፣ ፀጉሯን ያያል፣ መሬት ላይ የተሰመረውን ያያል። ትቶት የሄደውና አሁን የመጣበት ቤት አልገጠመለትም።

ከእቅፉ ስትወርድ እጁን ይዛ ጎተተችው። «አባዬ፣ ና፣ መንገድ መንገድ እንጫወት።»

«ደክሞኛል እኮ የኔ እናት» አለና እንድረዳው አየኝ። ይህ ሰው ልጁን ይወዳል፤ ከየሀገሩ ብርቱካንና ማር ያመጣላታል፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስይዛታል። አብሯት መሬት ላይ ግን ተቀምጦ አያውቅም።

«ጫማህን አውልቅና ተኛ» አልኩት። «ሥራውን እሷ ትሰጥሃለች።»

«ምን ልሁን?» አለ ግራ ገብቶት።

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች መረመረችው። «አንተ ጎማ ነህ። ፈንድተሃል።»

ምንጣፉ ላይ ተዘረጋና ፈነዳ። ትንሽ ሳይቆይ እውነተኛ እንቅልፍ ወሰደው፤ እያንኮራፋ። ልጅቷ በማንኪያ ቡሎኑን ፈታች፣ በማማሰያ ጃክ አነሳችው፣ አፏን ጆሮው ላይ አድርጋ ነፋችው። ከዚያ ደረቱን በእጇ መታ መታ አድርጋ «አሁን ይሄዳል» አለችኝ። ብርድ ልብስ አብረን አለበስነው።

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ኦቦ ሬዲዮውን ሰምተው ወደ ማሳቸው ሄዱ፤ አልጨፈሩም። ሁከቱም በዚያ አላበቃም፤ በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ፣ መንገድም ደግሞ ተዘጋ። እኛ ግን ሁለተኛው ሲመጣ ሌላ ቤት ነበርን፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ያው፣ ሰዎቹ ግን የሚተዋወቁ። ባለቤቴም ተለውጧል። ከጉዞ ሲመለስ መጀመሪያ ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ምን እንደሚሆን ትነግረው ዘንድ።

ዛሬ የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ የባለቤቴ ሥራ ወደ ጎጃም መስመር ስለዞረ። ልጅቷ ከእኔ ትረዝማለች። «እማዬ» አትለኝም፤ በስሜ ነው የምትጠራኝ፣ ሲላት አቆላምጣ፣ ስትናደድ ደረቅ አድርጋ። ይበቃኛል፤ ስሜን ከእሷ አፍ ስሰማ ማን እንደተጠራ አውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ዝም አለች። የወጣት ዝምታ ነው፣ በር ዘግቶ፣ ጆሮ ላይ ሙዚቃ ሰክቶ። አባቷ ተጨነቀ፣ «ጠይቂያት» ይለኛል። አልጠየቅኳትም። ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ሯጮች በየሜዳው ይለማመዳሉ፤ አንድ ቅዳሜ በሯን አንኳኩቼ ከሯጮቹ ኋላ እስከ ባሕር ዛፉ እንወዳደር አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ያንኑ አስተያየት። «አንቺ? በዚህ ሰውነትሽ?» አለች፣ ጫማዋን ግን አጠለቀች።

ከመጀመሪያው መታጠፊያ ሳላልፍ ትንፋሼ አለቀ። ሯጮቹ እንደ ንፋስ አልፈውን ሄዱ፤ አንዷ «አይዞሽ እናት!» ብላኝ አለፈች፣ ልጄ በሳቅ መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ተጠግቼ አጠገቧ ወደቅሁ። ሳሩ በጤዛ ርሷል፣ ቀሚሴም ራሰ። ሳቋ ሲያልቅ ጫማዋን እያሰረች፣ ሳትመለከተኝ፣ ትምህርት ቤት ስለተጣላቻት ጓደኛዋ መናገር ጀመረች። እኔም ትንፋሼን እየሰበሰብኩ አዳመጥኳት።